ታችኛው መደርደሪያ

ፍሪጁ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ወጣ ሊያየው፤
አራት ጎረምሳ ነው እንደ ሙሽራ ደግፎ ካይሱዙ ያወረደው።
በሩ መስታወት ነው፤ ግንባሩ ላይ ተጽፏል፦ "ካፊያ"።
ካፊያ! በድሬ ሰማይ! አቦ፣ ስም ሲያወጡ!
ደመና በብድር ለሚያይ ገበያ
ዝናብ በጠርሙስ አሽገው መጡ።

ወኪሉ ውሉን አነበበ፣ ላቡን በክራቫቱ እየጠረገ፦
"አንደኛ፣ ከካፊያ በቀር ሌላ አይገባበትም፤
ውሃም ወተትም፣ የቤት ሥጋም አይቀመጥበትም።
ሁለተኛ፣ የጠርሙሱ ስም ሁሌም ወደ ውጭ ይዞራል።
ሦስተኛ..." ሦስተኛውን ረሳሁት፤
የዱቤ ደብተሬን አስደግፌ ፈረምኩት።

በዚያው ወር ባጃጅ ተከራዩ፣ ድምፅ ማጉያ አናቱ ላይ፣
ከሳቢያን እስከ መጋላ ሲለፍፍ ዋለ በጠራራ ፀሐይ፦
"የካፊያ ዋንጫ! ኳስ በደቻቱ አሸዋ!
ገቢው በሙሉ ለስኳር ሕሙማን!"
ሳቅሁ። ማን የማይስቅ? ያ ለስላሳ ራሱ ከንፈር ያጣብቃል።
ስቄ ሳልጨርስ የሐምዲ እናት ቆማለች ከደጄ፣
በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ ታቅፋ፤
"ኑሪያዬ፣ እንስራውም አላቀዘቀዘልኝ፤
ሙቀቱ መድኃኒቱን ሊገድልብኝ ነው።"
ውሉን ደግሜ አላየሁም። ተቀበልኳት በእጄ።
ታችኛው መደርደሪያ፣ ከኋላ፣ ከሎሚዎቹ ጀርባ፣
ሌባ እንደደበቀው ወርቅ ብልቃጡ ገባ።

ደቻቱ በበጋ ሜዳ ነው፤ በክረምት ግን አይታመንም፤
ደጋው ካጉረመረመ እናት ልጇን ሳትጠራ አትተኛም።
ያን ቀን ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ሐዲድ ሰፈር ከገንደ ቆሬ።
ሐምዲ በረኛ ነው፤ ቀጭን፣ ክንዱ እንደ መቃ፤
ማሊያው ላይ "ካፊያ" ከብብት እስከ ብብት ተዘርግቶ፣
ለልጁ ስም ቦታ ጠፍቶ።
በመጨረሻዋ ፍፁም ቅጣት ምት ወደ ግራው ተወረወረ፤
ኳሷን ይሁን አሸዋውን ያቀፈው፣ ለጊዜው አይለይም ነበረ።
ከዚያ ጩኸቱ። ከዚያ አቧራው። ከዚያ ፎቶ አንሺው፦
"ጠጣ! ቀና በል! ጠርሙሱን አፍህ ላይ!"
ልጁም አነሣው፣ ቆርኪው ሳይከፈት፣
ዓይኑን ጨፍኖ ጉሮሮውን አንቀሳቀሰ ምንም ሳይወርድበት።
ያ ፎቶ ዛሬም ለገሃሬ ተሰቅሏል፣ ሰው ያህላል በቁመት፤
ቆርኪውን ያስተዋለ የለም። እኔ ነኝ ያየሁት።

ቼኩ ካርቶን ነበር፣ በር የሚያህል።
ገንዘቡስ? መጣ። ሐሰት አልናገርም፤
ለአሥራ አንድ ሰው የአራት ወር መርፌ ሆነ፤
ስለ አምስተኛው ወር ማንም አልጠየቀም።
ካርቶኑ አሸዋ ገበያ የዙቤይዳ ጥላ ሆኗል፤
ሃምሳ ሺህ ብር አናቷ ላይ ዘርግታ
በግማሽ ኪሎ ቲማቲም ትከራከራለች ከጧት እስከ ማታ።

አንድ ማለዳ ወኪሉ ሳይነግረኝ ለቁጥጥር መጣ።
ከፈተ። ቆጠረ። ጎንበስ አለ። እጁ ታች ደርሶ ቆመ።
እኔ ሚዛኑን አየሁ፤ ባዶ ሚዛን ላይ ምን ይታያል?
"የማን ነው?"
"የበረኛው።"
ወረቀቱ ላይ ጻፈ፦ "ሁሉም በውሉ መሠረት"፤
ከዚያ ሁለት ጠርሙስ አንሥቶ ከብልቃጡ ፊት አቆመ።
ደግነት ነው? እንጃ። ለራሱ ደሞዝ ሰግቶም ይሆናል።
አንድ ሎሚ ጠጥቶ ከፍሎ ሄደ። መክፈል አልነበረበትም።

ሱቄን ከአዛን በፊት ነው የምከፍተው፤ ሐምዲ ቀድሞኝ ይቆማል፤
ኳስ ሲያይ እንደዚያ የሚወረወር ልጅ፣ እዚህ ሲደርስ ይሳሳል፤
ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ ያወጣል፣ እንዳይነካኩ፣ እንዳይጮኹ፤
ማሊያውን ገለጥ አድርጎ፣ ከ"ካፊያ"ው ሥር፣ ከእምብርቱ ጎን፣
ይወጋል። ትንፋሹን ይይዛል። ይለቃል።
ከዚያ ሁሉንም ይመልሳል በየቦታው ደርድሮ፣
እያንዳንዱን፣ ስሙን ወደ ውጭ አዙሮ።