ሁለት እሾህ

ጌንት ላይ ሦስት ቀን፣ ዝናብ ሳያባራ፣
ጫማ በመስኮቴ፣ ሲያልፍ በየተራ፣
(ሱቄ ምድር ቤት ነው፤ ሰውን የምለየው፣
ከፊቱ አስቀድሜ፣ በተረከዙ ነው፤)
የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ላባ የለጠፈ፣
ደረጃዬን ወርዶ፣ በሬን ተደገፈ።

ኦክታፍ ነው፣ እርግበኛው። በፎጣ ጠቅልሎ
ኮምፒውተር አምጥቷል፤ እሱ ርሶ ውሎ።
«ቁልፉን ብጫነው፣ ብጫነው፣ ብጫነው፣
ዝም አለኝ፣ ቲርሲ፤ ሞት ነው ወይስ ምንድነው?
እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ የእርግቦቼ ዘር፣
ማን የማን ልጅ እንደሆን፣ ምን ያህል እንደሚበር፤
ቅዳሜ ውድድር አለን፣ ከፈረንሳይ ድንበር።»

(ትርሲት ነኝ። አላረምኩትም።)

መጀመሪያ ሶኬት፤ ከዚያ ገመዱን አየሁ፤
በተነቀለ ገመድ፣ ስንቴ ደሞዝ በላሁ!
ዛሬ ግን ደህና ነው።
ጎኑን ከፈትኩለት፤ አቧራ፣ እንደ ብርድ ልብስ፤
በመሐሉ ላባ፣ ግራጫ፣ የሚላወስ።
«ያዝኩህ!» ብዬ ላባውን፣ ከፋኑ መዘዝኩ፤
ቁልፉን ተጫንኩት። ዝም። ቸኩዬ ፈረድኩ።

ፓወር ሳፕላዩን ነቀልኩ፣ ለብቻው አኖርኩት፤
አረንጓዴና ጥቁር፣ በሽቦ አገናኘሁት፤
ዞረ። ንፋስ ሰጠኝ። አሥራ ሁለት ቮልት
ሜትሬ ላይ ሲነበብ፣ ነፃ ብዬ ለቀቅኩት።
የራሞቹን ጥርስ፣ በላጲስ ፈገፈግኩ፤
አንድ አንዱን ለብቻ፣ እንደ ምስክር ጠየቅኩ፤
ሳንቲም የምታክል፣ ባትሪዋን ቀየርኩ፤
ያበጠ፣ ያኮረፈ፣ ካፓሲተር ፈለግኩ።
የለም።
አንድም አኩራፊ የለም።

ኦክታፍ አልሄደም፤ በርጩማ ላይ ሆኖ፣
ሻዩን እንኳ ሳይጠጣ፣ በአሳብ መንኖ፣
የአንዲቷን ነገረኝ፤ «ሰማያዊት ነበረች፤
ነጎድጓድ ሲመታቸው፣ ሁለት ቀን ዘገየች፤
ጠፋች ብዬ ስሟን፣ ከመዝገብ ሰረዝኩት፤
በሦስተኛው ቀን ነው፣ ጣራ ጥግ ያየኋት።
ለካስ በሰዓቱ፣ መጥታ ነበር ከቤት፤
የቆጡ በር ነበር፣ ዝጎ የዘጋባት።»

እጄ ባየር ላይ ቀረ፣ ካቻቪቴ እንደያዘ።

በሩ!
ከማዘርቦርዱ ጥግ፣ የቁልፉን ገመድ ነቀልኩ፤
ሁለት እሾህ ታዩ፣ ጎን ለጎን የቆሙ፤
በካቻቪቴ ጫፍ፣ ላንድ አፍታ ተሳሳሙ።
«ጢጥ» አለ። ፋን ዞረ። ስክሪኑ ነጋለት፤
የእርግቦቹ ስም፣ ተሰልፎ መጣለት።

ኦክታፍ አጨበጨበ። እኔ ግን አፈርኩኝ፤
ግማሽ ቀን ጤነኛ፣ ስመረምር ዋልኩኝ።
ልቡም ደህና፣ ደሙም፤ የሞተው ቁልፉ ነው፣
ከፊት ለፊት ያለው፣ ሁሉም የሚነካው።
እኔም እዚህ ከተማ፣ ቋንቋው እስኪገባኝ፣
ዝም ባልኩበት ዓመት፣ «አትሠራም» ያለኝ
አለቃ ነበረኝ።
ለኦክታፍ አልነገርኩትም።

መለዋወጫ አልነበረኝም። ከመሳቢያው በስተሥር፣
ከፈረሰ ቤት የመጣ፣ የበር ደወል ነበር፤
በየድኩት በምትኩ፤ ኦክታፍ ሳቀ ከምር።
የማላውቀው ቤተሰብ፣ ስም ተጽፎበታል፤
ከእንግዲህ ኮምፒውተሩን፣ ደውሎ ይገባል።
«ስንት ልክፈል?» ሲለኝ፣ «አምስት ዩሮ» አልኩት፤
«የቀረው ሰዓት የኔ ነው፤ በስህተት የፈጀሁት።»
ፎጣውን መልሶ፣ አጥብቆ ጠቀለለ፤
ቦቱ ደረጃውን፣ ወጣ እየዘለለ።

ቅዳሜ አመሻሹን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ያ ቦት ከመስኮቴ፣ ደረሰና በተራ፣
ቆመ። ጉልበት መጣ፤ ከዚያ እጅ፤ ከዚያ ፊቱ
ዘቅዝቆ ታየኝ፣ በመስታወቱ፤
ሦስት ጣት ዘረጋ።
ሦስተኛ ወጣች ነው? ወይስ ሦስት ጠፉብኝ?
ጥርሱን ፈልጌ አየሁ።
ሳቅ ነው። ገባኝ።