ሁለት ዘር፣ አንድ ፈር

ደመናው ጅማ ላይ ዝናቡን ሲያራግፍ
ለኛ ለቆለኞች ጥላው ነው የሚተርፍ።

ከሰኮሩ በታች፣ ግቤን በሚያይ ዳገት፣
አባ ዲጋ ሞተ፤ ሁለት ጥማድ መሬት፣
ሁለት ሚስት፣ አንድ በሬ ትቶ በድንገት።
ሽማግሌ መጣ ገመድ ተሸክሞ፣
ሊያካፍል፣ ድንበሩን በድንጋይ አትሞ።
"ላይኛው ለሩቂያ፣ ታችኛው ለነጂባ፤
የአንዷ ዶሮ እንኳን ከአንዷ እንዳይገባ።"
"በሬውንስ" አለች እናቴ ሩቂያ፣
"በየት ነው የምትቆርጡት፣ ከሽንጡ ወዲያ?"
ሳቅ ያፈነው አለ፣ ያቀረቀረ፤
ሄዱ። ገመዳቸው እኛ ቤት ቀረ።

አጥር ለአጥር ሆነው ስድስት ዓመት ሲኖሩ
እሳት ቢጠፋ እንኳን ፍም አይበዳደሩ።
ግን በሬው አንድ ነው።
ከሻፊ በሬ ጋር የኛው ተቀናጅቶ
አረሰ ላይ ታቹን፣ ድንበሩን ረስቶ።
እናቴ ማሽላ በፈሩ ስትዘራ፣
ነጂባ ከኋላ፣ ማንም ሳይጣራ፣
ከመቀነቷ ጫፍ ቦሎቄ ቆንጥራ
ትቀብር ጀመረች ከመስመር ወደ መስመር።
ሻፊ ሳቀ፦ "ጣውንት ከጣውንት ተዘራ!
አዝመራው ይናከሳል፤ እንይ፣ ብቻ እንኑር።"

ሐምሌ እኩሌታ ላይ ሰማዩ ደረቀ።
አሥራ ስምንት ቀን። የሻፊ መሬት ተሰነጠቀ፤
በማሽላው እግር ሥር አቀንጭራ ፈካ፣
ሐምራዊ፣ ለዓይን ውብ፤ ከታች ግን ለካ
የሰው ላብ ነው የሚጠባው።

እኛ ጋ ቦሎቄው አፈሩን አልብሶት፣
ቀትር ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ እጄን ብከትበት
ርጥብ ነው። የሌሊት ጠል፣ ፀሐይ ያልደረሰበት።

ነጂባ አንዷን ነቅላ አሳየችኝ ሥሯን፣
ዶቃ ዶቃ ያለ፤ ፈለጠች አንዱን
በጥፍሯ፤ ውስጡ ቀይ።
"ኪራይ ነው" አለችኝ። "ማሽላው ሲያዝላት
ከአፈር ሥር ትከፍላለች፣ ማንም ሳያያት።"
እናቴ በዚያ በኩል ትሰማ ነበር።
ሐረጉን ልትቆርጥ ያነሣችው ማጭድ
አየር ላይ ቆየና ወረደ በሌላ መንገድ።

መኸሩ ተአምር አይደል፦ ማሽላው ስድስት ማዳበሪያ፣
ቦሎቄው ሦስት ቁና፤ አንዱ ለሰኮሩ ገበያ።
አገዳውን ያሰርነው በሽማግሌዎቹ ገመድ ነው።

ዛሬም አንድ ገበታ አይቀርቡም።
ግን ያን ሰሞን፣ አንድ ማታ፣
እናቴ ገል ሰጥታኝ "ሂድ፣ ፍም አምጣ" አለች።
"ከማን?" አልኳት።
ገሉን በእጄ ላይ አስተካከለች።