ሙላትና ጉድለት

ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም ስመታ ኖሬ፣
የመመለሻ ቀን በቀይ ቀለም አስሬ፣
በሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናብ መስኮት ሲያንኳኳ፣
ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፤ ተማሪ ነኝ ለካ።

አስተማሪው ሩአሪ ነው፤ ሃያ አራት ነው ዕድሜው፤
ከኢንቨርነስ ሲመጣ መርከቡ አመሰው፤
ሆዱ እስካሁን ድረስ ስቶርኖዌይ አልደረሰም፤
«ቀላል ነው፣ ሙርዲና» ይላል፤ ፊቱ ግን ደም የለውም።

«ብሎግ» አለኝ። «ምንድን ነው? ጋዜጣ ነው? ደብዳቤ?»
«ሁለቱም፣ አንዱም» አለኝ፤ አልያዘውም ልቤ።
የይለፍ ቃል ፈጥሬ፣ ረስቼ፣ ፈጥሬ፣
ሦስት ጊዜ ከደጄ ተመለስኩ ተማርሬ።
ማውሱ እንደ ዓሣ ነው፤ ስጨብጠው ያመልጣል፤
ቀስቱም ከማያገባው ገብቶ ይቀመጣል።

«ታግ» የሚባለው ላይ ግን
እዚያ ላይ ተጣላን።

እኔ መጽሐፍን ሁሉ በቁጥሩ ነው የማውቀው፦
ወፍ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት፣ ባሕር አምስት መቶ ሃምሳ አንድ፣
እያንዳንዱ ቦታ አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ዘመድ።
«እንዴት ይሆናል?» አልኩት፣ «ማንም ከመንገድ
ገብቶ ስም ይለጥፍ፣ እንደ ገበያ ዕቃ?»
«ማንም አይደል፣ አንባቢ ነው» አለና ዝም አለ፣ በቃ።

ልጁ ሄደ። እኔና ስክሪኑ ቀረን።
የመጀመሪያ ጽሑፌ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዝግ ነን» ይላል።
አንድ ሰው ወዶታል፤
እሱም እኔ ነኝ፤ ጣቴ ስቶ ነክቶት።

ሁለተኛው ስለ ተረሱ ነገሮች ነው፣
መጽሐፍ ሲመለስ ከገጽ መሐል ስለማገኛቸው፦
የመርከብ ትኬት፣ የሱፍ ክር፣ የዓሣ ቅርፊት የደረቀ፣
«ውዴ» ብሎ የጀመረ፣ ከ«ውዴ» ያላለፈ፣ ያላለቀ
ደብዳቤ።
ሰባት ሰው አነበበው። ሰባት! ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።
በእንዲህ ያለ ዝናብ ሰባት ሰው በራችንን የገፋበት ቀን
ትዝ አይለኝም።

ኅዳር ላይ፣ ማታ፣ መብራት ላጠፋ ስል፣
አዲስ ቃል ተለጥፎ አየሁ።
መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት
ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት የተቆጠረበት፣
አምስት መቶ ሃምሳ አንድ ነጥብ አርባ ስድስት።
ከሥሩ፦
«አባቴ ያላመነው።»

ስም የለውም። እኔ ግን ኪሱ ውስጥ የቀረችውን
አሮጌ ካርድ አወጣሁ፤ የመጨረሻውን
ማኅተም አየሁ፤ የራሴው ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ።
ኮኔክ ማኮሊ ተዋሰው።
ልጁ ኦይሪክ መለሰችው፣
ሦስት ሳምንት አሳልፋ፣ በእርጥብ ካፖርት፣ ቃል ሳትተነፍስ።
ደሴት ናት፤ ስለ ጀልባው ሁላችንም ሰምተናል።
እኔም ሰምቻለሁ።
እኔማ ደንብ አዋቂ፣ «አርባ ፔንስ» አልኳት።
ሳንቲሙን አንድ በአንድ ቆጥራ ሰጠችኝ።

የሩአሪ መመሪያ «አግባብ የሌለውን ቃል ሰርዙ» ይላል።
ቀስቱን ወስጄ «ሰርዝ» ላይ አሳረፍኩት፤
አሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አላመለጠኝም።
እጄን አነሳሁ።

ከታች ባዶ ሣጥን አለ፤ «አስተያየት» ይላል።
ጻፍኩ፤ አጠፋሁ። ጻፍኩ፤ ስብከት መሰለኝ፤ አጠፋሁ።
«እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣
በእኔ ሂሳብ ስንት ያስቀጣል?

በመጨረሻ ይህን ለቀቅሁት፦
«አርባ ፔንስ አለብኝ።
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ በፖስታ።
ሐሙስ እስከ ማታ ክፍት ነን።»

እስካሁን መልስ የለም። ነፋስ ነው፤ መርከብም አልወጣ።
ሩአሪ ጻፈልኝ፦ «ስንት አንባቢ መጣ?»
አንድ፣ አልኩት።
አንድ እየጠበቅሁ ነው።