ከስምንት እስከ አስር

ካንካል ላይ ባሕሩ ቃሉን አያጥፍም፤
ጥሎ ቢሄድ እንኳ ሳይመጣ አያድርም።
ሰዓቱ ተጽፏል በትንሽ መጽሐፍ፣
መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚነጥፍ።
አርባ ዓመት በሱ ኖርኩ፣ ከጭቃው ዛጎል ስለቅም፤
ውሃ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶብኝ አያውቅም።

ልጄ ኤርዋን ሞቶ፣ ምራቴ ሶላንዥ
በሯን ከዘጋች ወዲህ
ሌላ ነው በኪሴ የያዝኩት ሰንጠረዥ፦
«በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከስምንት እስከ አስር፣
በመገናኛው ቤት፣ ተቆጣጣሪ ባለበት»፤
ማኅተም አለው ከሥር።

አልረግማትም። ሐዘን መልክ ይመርጣል፤
የልጄ መልክ ከኔ ነው፣ አፍንጫዬ ያስታውቃል፤
ደጇ ላይ በቆምኩ ቁጥር
ባሏ እንደገና ይሞታል።

ግን ከሰስኳት። አዎ፣ ከሰስኳት።
በሠርጉ ቀን ያሰርኩትን ከረባት አስሬ
ሴን ማሎ ችሎት ቆምኩ፣
«አያት ነኝ፣ መብቴ ነው» እያልኩ ደጋግሜ።
ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።
«የአያት መብት የሚል ሕጉ ውስጥ የለም፣ ሙሴ ጎልቨን።
ልጅ አያቶቿን የማወቅ መብት አላት ነው የሚለው።
መብቱ የሷ ነው» አለች።

ባለመብት ነኝ ብዬ ገባሁ፣ ወጣሁ ንብረት ሆኜ፤
የአራት ዓመት ልጅ ድርሻ፣ በሰባ ዘመኔ።

ክፍሉ የላስቲክ ምንጣፍ፣ ጎማው የወለቀ መኪና፣
ጥግ ላይ መዝገብ የያዘች ሴትዮ።
ሶአዚግ መጣች። እናቷ
ከመኪናው አልወረደችም፣ ሞተሩን አላጠፋችም።
ልጅቷ ዓይኗን አሸች፤ ቀን ላይ አልተኛችም።

ወር ሙሉ ያጠናሁት ተረት ነበረኝ።
«አንድ ሸርጣን ነበረ፣ ወደ ጎን መሄድ ያሳፈረው...»
ከማለቴ ራሷ ወደቀ ግራ ክንዴ ላይ።
አባቷም በዚያው ጎን ነበር የሚተኛው።

«ይቀስቅሷት እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ» አለች ሴትዮዋ፣
ለኔ አዝና መሰለኝ።
ይሂድ፣ አልኳት።
መብቷ ነው፤ ተኝታበታለች።

ክንዴ ደነዘዘ። አፍንጫዬን በላኝ፤ አላከክሁም።
ከግንቡ ማዶ ባሕሩ መሙላት ጀምሯል፤
መጽሐፉን ማየት አላስፈለገኝም፣
ትንፋሿ ይመጣል፣ ይሄዳል፣
ይመጣል።

አስር ሰዓት ሆነ። አንድ ጫማዋን እኔ፣ አንዱን ሴትዮዋ አሰርንላት፣
እንቅልፍ እንዳዘላት ወጣች።
መዝገቡ ሳይዘጋ በግልባጩ አነበብኩ፣
ያቺ ሁለት ሰዓት ያላት አንድ መስመር፦
«የተለየ ነገር አልነበረም።»