የሱንቫ መነጽር

በጥር ወር በፋሮ ቀን የሚባል የለም፤
እንደ ሻማ ጭላጭ ብልጭ ብሎ ድርግም።
ጉም ከባሕር ወጥቶ ደጄ ላይ ይተኛል፣
ነፋሱም አውቆብኝ ብቻዬን ያገኘኛል።
ሱንቫ ከተቀበረች ዘጠኝ ሳምንት ሆነ፤
ሞቷን ሁሉ ሰማ፣ ጎኔ ብቻ አላመነ፤
ዛሬም ካልጋው ጠርዝ ተጣብቄ አድራለሁ፣
ስትገላበጥ እንዳይጠባት ቦታ እለቃለሁ።

እኔ ሃይኒ ዓሣ አጥማጁ፣ ባሕር ነው የማውቀው፤
ጸሎቱን ለእሷ ትቼ፣ መረብ ነው የምጠብቀው።
እሁድ እሷ ስትሄድ፣ እኔ ጀልባ ስቀባ፣
«ሰላም በይልኝ» ብላት፣ ጎረቤት እንደምትገባ፣
ሻርፗን እያሰረች፣ ሳቋን እየዋጠች፣
«ነግሬዋለሁ፤ እሱ አይቸኩልም» ብላ አመለጠች።

በመስከረም ያማት ጀመር፣ በኅዳር አለቀ፤
ከቶርስሃቭን የመጣው ሐኪም አንገት ደፍቶ ራቀ።
በቀብሯ ቀን ዳንያል ወንድሟ ቃሉን ሲያነብ፣
ዓይኔ የነበረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጣራ፣
ከተሰቀለችው ትንሽ የእንጨት መርከብ፤
ነፋስ በሌለበት ሸራዋ የተገፋ፣
ወደብ የማትደርስ፣ ደግሞም የማትጠፋ።

ጎረቤት መጣ በየተራ፣ ሾርባ፣ የደረቀ በግ ይዞ፣
«ጊዜ ይሽረዋል» አለኝ፣ አንገቱን ሰብሮ ተክዞ።
ጊዜስ መቼ ጠፋ? ጊዜማ ሞልቶኛል፤
ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

አንድ ሌሊት ግን፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣
ቅዱስ መጽሐፏን ከመስኮቱ ደፍ አነሣሁ፤
ላነብ አልነበረም።
እጇ የዳሰሰውን ልዳስስ ነበር።
ፊደሉ ደቀቀብኝ፤ መነጽሬ ጀልባው ውስጥ ቀርቷል፤
የእሷን አጠለቅሁ።
አንዱ እጀታው ላልቶ በክር የተቋጠረ፣
ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ ልክ እንደ እሷ ነበረ።

በየገጹ መሐል የሱፍ ክር ተጋድሟል፤
ግራጫው ከሹራቤ፣ ቡናማው ከካልሲዬ ተርፏል።
ክሩ ባለበት ሁሉ፣ በዳሩ፣ በደቃቅ እርሳስ፦
«ሃይኒ ባሕር ላይ ነው፤ ማዕበል።»
«ሃይኒ ባሕር ላይ ነው፤ ጉም።»
«ሃይኒ ገባ።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ!
ለካ «ነግሬዋለሁ» ስትለኝ እውነቷን ነበር።

ከዚያ አንድ ቀይ ክር። ቀይ ልብስ ኖሮኝ አያውቅም።
ገለጥሁት፤ አልዓዛር።
ልዘጋው ነበር፤ ደሜ ፈላ።
አራት ቀን የከረመው ሬሳ ሲጠሩት ከወጣ፣
የእኔዋን ስም ለመጥራት ምን አፍህን ያዘው?
ጠረጴዛውን መታሁት፤ መብራቱ ዘለለ፤
የዘለለው ብርሃን ከአንድ መስመር ላይ ዋለ፦
ከመቃብሩ ደጅ፣ እንደሚያስነሣው እያወቀ፣
ጌታ ቆሞ አለቀሰ።
ያለቅሳል? ሊያስነሣው አይደል የመጣው?
«ጊዜ ይሽረዋል» አላለም፤
እንባውንም በክንዱ አልደበቀም።
በዳሩ ላይ አንድ ስም፣
እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኖ፦
ቶርኬል።

ልጃችን።
በሰባት ወሩ፣ እኔ ግሪንላንድ ዓሣ ሳሳድድ ያለፈው።
ቀዩ ክር የእሱ ቆብ ነበር።
ስመለስ አላለቀስሁም፤ ወንድ ነኝ ብዬ፣
ስሙንም ከአልጋው ጋር ቀበርሁት ጠቅልዬ።
እሷም ፊቴ አላለቀሰች፤ «ጽኑ ሴት ናት» አልሁ።
ከማን ጋር ስታለቅስ እንደ ኖረች
አሁን ገባኝ፣ በእኩለ ሌሊት፣ በእሷው መነጽር።

ያን ጊዜ አለቀስሁ። ለሁለቱም።
ብቻዬን አልነበርሁም።
ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

ጠዋት ባርዱር፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ወተት ይዞ ሲመጣ፣
«የሴት መነጽር!» ብሎ ተንከተከተ፤
እኔም ሳቅሁ፣ ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዬ።
አልጋው ያው ነው፤ ጎኔም ገና አላመነም።
ግን ማታ ማታ፣ ከሹራቤ እጅጌ ክር መዝዤ
ያቆምሁበት ገጽ ላይ አኖራለሁ፤
መብራቱንም ሳጠፋ፣ ጎረቤት እንደምጠራ፣
«ጌታ ሆይ፣ ሱንቫን ሰላም በልልኝ» እላለሁ፤
«ልጁንም።
ንገራቸው፤
አልቸኩልም።»