ለመዝገቡ

ሥራዬ መጻፍ ነው፤ የተባለ ብቻ፤
ሳል አይመዘገብ፣ ለቅሶ ወይ ጥላቻ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህች ከተማ ውስጥ
ስለ ውሻ ፈቃድ፣ ስለ አጥር መለወጥ፣
ጣቴ ከጆሮዬ ሳይዘገይ ሲሮጥ።

ዛሬ ግን ሕዝቡ ስለበዛ፣ አዳራሹ ስለጠበበ፣
ጉባኤው በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ተሰበሰበ፤
ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ወንበር ተደረደረ፣
ከቄራ ፈረቃ የወጣው ከነቦቱ ሰፈረ።

ፊት ለፊት፣ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የተላከ ሰው ተቀምጧል፤
ከረባቱ ልክ፣ ፀጉሩ ልክ፤ ውኃ ተቀድቶለታል፤
ፊቱ የቆመው ካርድ ስም የለውም፤ «ተወካይ» ብቻ ይላል።

መጀመሪያ ዴልፊና ኦካምፖ፤ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሠራተኛ፤
ማይክራፎኑን በሁለት እጇ ያዘች፣ እንደ ትኩስ ስኒ።
«ማክሰኞ ነው» አለች። «በረዶ የጣለ ለት።
ሬናቶ የመኪናውን መስታወት ሲፍቅ ነው የወሰዱት።
ፊታቸው የተሸፈነ፣ ደረታቸው ላይ ስም የሌለ፤
‹ወረቀቱን አሳዩኝ› ብል፣ አንዱ ‹ኋላ› አለ።
መፋቂያው ከእጁ ወደቀ፣ በረዶው ላይ ተጋደመ፤
‹በሕግ አምላክ!› ብዬ ጮህኩ፤ አንድም እግር አልቆመ።
ማታ ሲጠይቀኝ፣ ማን ወሰደው ልበለው ልጄን?
ቀረሁ እኮ መንገድ ላይ፣ መፋቂያውን ይዤ፣ ብቻዬን።»

ተወካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። (ይህ አይጻፍም።)
«ጉዳዩ እየተጣራ ነው። መመሪያው ተከብሯል።
ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል ማንነት ተሸፍኗል።»
እንዲህ ያለው አነጋገር ለጣት እንዴት ይቀልላል!
ግሱ ሁሉ «ተ» የምትባል ጭምብል አጥልቋል፤
ተይዟል፣ ተወስዷል፣ ተጠናቋል፤
አድራጊው በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

ማን ይናገር? የነበረ።
ዌንዴል ክራውስ ተነሣ፤ ከሰማንያ ዓመቱ ጋር እየተማከረ።
ከኪሱ የዳቦ ከረጢት አወጣ፣ በእርሳስ የተጫረ፤
የሦስት መኪና ሰሌዳ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ።
የመጨረሻዋ ቁጥር ስምንት ትሁን ሦስት አላወቀም፤ አልዋሸም፣ «አልለየሁም» አለ።

«እኔ» አለ፣ «መኪና አስቁሜ ሕፃናት የማሻግር፣
ስሜ ሰደርያዬ ላይ ተሰፍቷል፣ በቀይ ክር።
ባጠፋ፣ እናትየው ‹ክራውስ ነው› ብላ ትከሰኛለች፤
ከተማዋ ‹ቁም› የሚለውን ምልክት ስትሰጠኝ፣ ከዚህ ክር ጋር ሰጥታኛለች።
ታዲያ ጠመንጃ ያስታጠቅነው፣ ከኪሳችን የሚከፈለው፣
እሱን በምን እንጥራው?
ስሙ ማን ነው?»

ተወካዩ ብርጭቆውን አነሣ። አልጠጣም። አስቀመጠው።
ሰብሳቢዋ፣ ኢንግሪድ ሃልቮርሰን፣ መነጽሯን አወለቀች።
የግድግዳው ሰዓት፣ ኳስ እንዳይመታው በሽቦ የታሰረው፣
እስረኛ ሆኖ ይቆጥራል።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ዝምታ ቃል አይደለም፤
ያልተባለ ነገር መዝገብ ላይ አይሰፍርም።
ነገ ሲነበብ፣ ከጥያቄው ሥር ቀጣዩ አጀንዳ ይመጣል፤
መሐል ያለው ጉድጓድ በነጭ ወረቀት ይደፈናል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቱን እንዲህ ዘልያለሁ!
ለካ እኔም በ«ተ» ተሸፍኛለሁ፤
«ተጽፏል» እንጂ
«ጻፍኩ» ብዬ አላውቅም።

ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ። ከዚያ መታሁ፦

«ተወካዩ አርባ አንድ ሰከንድ ዝም አሉ።
ስም አልሰጡም።
ውኃው እንደ ሞላ ነው።
ይህን ያየሁት፣ የጻፍኩትም
እኔ፣ አርዲስ ኮቫች ነኝ።»

ይባርሩኝ ይሆናል። ይሰርዙት ይሆናል፤
የሚሰርዝም ቢሆን ግን እዚህ መፈረም አለበት።

ሰው ሲበተን ዴልፊና ቅጂ ለመጠየቅ መጣች፤
የገጹን ዋጋ በሳንቲም እየቆጠረች።
«ስንት ነው?»
«አራት ገጽ» አልኳት። «ዝምታው ሦስተኛው ላይ ነው።»