ጠርዙ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከኮርኒሹ ጨው ሲያመጣ አየሩ፣
ዚናይዳ ትመጣለች፣ ከዘራዋ ቀድሟት ከበሩ፤
የሻርጃ ካህናቸውን ካባ በፌስታል ጠቅልላ፣
ለዓርቡ ቅዳሴ ይድረስልኝ ብላ።

እኔ በእንፋሎት ካውያ፣ ላቤ ከአገጬ ሲወርድ፣
እሷ በርጩማው ላይ ሆና በባሕርየ መለኮት ስትፈርድ፣
በተሰባበረ ዓረብኛ፣ በገበያ ቃል
ሥጋዌን ስንተነትን ያየን ሁሉ ይስቃል።

«ሁለት ባሕርይ» ትላለች፣ ሁለት ጣት አንሥታ፤
«አንድ! ከተዋሐደ ወዲህ የታል ክር የሚፈታ?»

አንድ ቀን ሥዕል አወጣች፣ ቀለሙ የተላጠ፤
ፊቱ እንደ ፍም የቀላ፣ በወርቅ ዙፋን የተቀመጠ፣
ክንፍ ያለው፣ ሴት ይሁን መልአክ ያልለየለት፤
«ጥበብ ናት» አለችኝ፣ «ከዓለም በፊት የነበረች እመቤት፤
ፈጣሪ ፍጥረቱን ሳይሠራ በልቡ ያያት፤
አባቴ፣ የአምላክ ስም ባስከሰሰበት ዘመን፣ በሹክሹክታ የነገረኝ ናት»።

«ታዲያ አራተኛ ልትሆን ነው? ሦስቱ መች ጎደሉ?
እኛ ዘንድ ጥበብ ወልድ ነው፣ አካላዊ ቃሉ።»
ሳቀች፣ ጥርሷን ሳትገልጥ፤ «የእኛም ጳጳሳት
በዚሁ ነው የተጣሉት፣ በዚችው በአንዷ እሳት።
አራተኛ አይደለችም፤ እሱም አይደለች፤ ያለ እሱም አትኖርም፤
እንዴት ልበልህ? በዓረብኛም በሩሲያኛም አይነገርም።»

ለሌሊቱ ማኅሌት ያዘጋጀሁት ነጠላዬ
ከምስማር ላይ ነበር፤ የአባቴ እጅ ሥራ፣ ጥላዬ።
ዳር ዳሩን ዳሰሰች፣ ሐሩ እጇን እንደያዘው፤
«ይኸስ ምን ይባላል?»
እኔም እንደዋዛው፦
«ጥበብ።»

ዝም አለች። ከማዶ ለዒሻ ተጣራ፤ አስፋልቱ ገና ይፋጃል፤
የማድረቂያው ማሽን ብቻ ለራሱ ያጉረመርማል።

«ሸማኔ ነጩን ሲጨርስ ዳሩ ላይ የሚያስገባው ቀለም፤
ከሸማው ሌላ አይደለም፣ ድሩ ያው ነው፤ ነጩም ግን እሱ አይደለም።
አባቴ ዓይኑ ቢደክም፣ ነጩን በጨለማም ይሠራል፤
ጥበቡን ግን ለጠዋት፤ ያኔ ጣቱ ይጸልያል።»

«ያቺ ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ጠርዙን ነው የያዘችው፤ ያን ሁሉ ግፊያ በክርኗ ጠርጋ።»

ይኼኔ ኩርያን፣ አለቃዬ፣ መዝገቡን ይዞ መጣ፤
«ካባው ከነገበሩ፣ ሒሳቡ እንዴት ይውጣ?
አንድ ልጻፍ ወይስ ሁለት?»
ተያየን።
«አንድ» አልኩት።
እሷ የሁለት ከፍላ፣
መልሱን ሳትቀበል ወጣች፣ ከዘራዋን ተከትላ።